ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ዶሮዋስ?

ባለፈው ቅዳሜ ስልጠና ነበረን። እኔ የሃይስኩል ማትስ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ስልጠናው ደግሞ ከተማ መሃል አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ርዕሱ ስለ ፈጠራ ምናምን ይላል። አሰልጣኙ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው። ስላይዱ ላይ ሁለት እግር የበቀለለት እንቁላል ደረጃ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ 1 ፐርሰንት፣ 1 ፐርሰንት፣ 1 ፐርሰንት ተብሎ ተጽፏል። «አበው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፣ በየቀኑ 1 ፐርሰንት ብቻ ተሻሻሉ» አለን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ።

ግን አላስቻለኝም። እንቁላል እኮ በሦስተኛው ቀን አንድ እግር፣ በስድስተኛው ቀን ሁለተኛውን እግር አያወጣም! በአስረኛው ቀን ብታየው ያው ድንጋይ የመሰለ እንቁላል ነው፣ በአስራ ዘጠነኛውም ያው ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አጥር የሚሰራልኝ ሰውዬ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ሁለተኛ ወሩን የያዘ፣ ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ጋሼ አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። አንዱ ተረቱን መሰላል አደረገው፣ ሌላው ትራስ። ሁለቱም ዶሮ አስታቅፈው አያውቁም፣ ችግሩ እሱ ነው።

እኔ አስታቅፌ አውቃለሁ፣ ወይም ቢያንስ ሲታቀፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አድጌያለሁ። አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ዛሬ ጂፕላስ ምናምን የተደረደረበት ቦታ ያኔ የድርቆሽ ሜዳ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆንን ብርዱ ሌላ ነው፣ ህዳር ላይ ጠዋት ስትወጣ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። እማማ የምታስታቅፈው ደግሞ በዚሁ በህዳር ነበር፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ።

መጀመሪያ እንቁላሉን እህል ውስጥ ቀብራ ታጠራቅማለች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በር ላይ ትቀመጥና አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች በእጇ ከልላ ታየዋለች፣ ጆሮዋ ጋ አስጠግታም ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ያልወደደችውን ወዲያ ለወጥ ትለየዋለች። የወደደችውን አስራ አንድ ወይ አስራ ሦስት አድርጋ (ጥንድ ቁጥር አትወድም፣ ለምን ስላት «እንዲያ ነው» ነው መልሷ፣ ማትስ አስተማሪ ሆኜ እንኳ ከዚህ የተሻለ ፕሩፍ አላገኘሁለትም) ቁና ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ትደረድረዋለች፣ መብረቅ እንዳያበላሸው ብላ ከሰልና ሚስማር ከጭዱ ስር ትከታለች። ዶሮዋን የምታስቀምጣት ሲመሽ ነው፣ በጨለማ፣ ከበሩ ጀርባ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት። በየማታው አንድ ጭረት ትጨምራለች፣ ሃያ አንድ እስኪሞላ።

ዶሮዋ ገብስማ ነበረች። ስትታቀፍ ሌላ ፍጥረት ነው የምትሆነው፣ ድምጿ ይጎረናል፣ ደረቷ ላይ ያለውን ላባ ትነቅለዋለች፣ የገላዋ ሙቀት በቀጥታ እንቁላሉን እንዲያገኘው ማለት ነው። በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ያህል ወርዳ እህልና ውሃ ቀማምሳ በሩጫ ትመለሳለች። ከውጭ ስታያት ዝም ብላ የተኛች ነው የምትመስለው ግን በመንቁሯ ጠርዝ ያለውን እንቁላል ወደ መሃል፣ መሃል ያለውን ወደ ጠርዝ ቀኑን ሙሉ ታገላብጣለች፣ ካልተገላበጠ ውስጥ ያለው ጽንስ ከቅርፊቱ ጋ ተጣብቆ ይሞታል። ክብደቷ ይቀንሳል፣ ኩክኔዋ ይገረጣል። ስራ ፈታ የተቀመጠች የሚመስላት ሰው ካለ ከስሯ እጁን ይክተትና ይሞክራት።

እኔ ከትቻለሁ። ስድስት ወይ ሰባት አመቴ ነው። በየጠዋቱ ከመኝታዬ ተነስቼ መጀመሪያ የምጠይቀው «እማማ ተፈለፈለ?» ነበር፣ እሷም በየጠዋቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እጅህን ሰብስብ!» ትለኛለች። ለኔ ተረቱ እስካሁን ያለ «እጅህን ሰብስብ» ጎዶሎ ነው። አስረኛው ጭረት ላይ ግን አልቻልኩም፣ ገብስማዋ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ አንዱን ወስጄ ከጓሮ ባህር ዛፍ ስር ሰበርኩት።

ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ባዶ ወይም ያው የምናውቀው አስኳል ነበር የጠበቅኩት። የቅርፊቱ ውስጥ ግን እንደ ዛፍ ስር በቀጫጭን ደም ስሮች ተሞልቷል፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ጥቁር አይን ያላት የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል ነገር ተኮራምታለች። ከውጭ ሲታይ ከመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተለወጠ እንቁላል እኮ ነው! እማማ ደርሳ አየችኝ፣ አልመታችኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ቅርፊቱን በአፈር ሸፈነችና «መንገድ ላይ ነበረ» አለችኝ። በቃ።

አሁን ወደ ማትስ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስልጠናው ላይ ሰውየው ቀጥሎ ያለው «ታላላቅ ሳይንቲስቶች ሃሳቡ በድንገት ነው የሚመጣላቸው» የሚል ነበር፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመሪያ 1 ፐርሰንት አለን ቀጥሎ መብረቅ አለን። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ዶሮ ያሳደገ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

ፖይንካሬ የሚባል ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ ላይ ለሳይኮሎጂ ሰዎች ባደረገው ንግግር የራሱን ጉድ ዘርዝሮ ተናግሯል። ወጣት እያለ አንድ አይነት ፈንክሽን ሊኖር አይችልም ብሎ ያንን ፕሩቭ ለማድረግ 15 ቀን በየቀኑ ጠረጴዛው ጋ እየተቀመጠ ታግሏል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ማታ ያለ ልማዱ ጥቁር ቡና ጠጣ (ቡናው ከየት እንደተነሳ እኛ እናውቃለን፣ ይለፍ)፣ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ሃሳቦቹ እርስ በርስ ሲላተሙ አድረው ጠዋት ላይ አይኖርም ያለው ፈንክሽን እንዳለ ገባው። ከዚያ ከሚኖርበት ከካን ከተማ ለጂኦሎጂ ጉዞ ወጣ፣ ማትሱን ጭራሽ ረስቶታል፣ ኩታንስ የሚባል ቦታ ሲደርሱ በፈረስ የሚጎተተው አውቶቡስ ላይ ለመውጣት እግሩን መርገጫው ላይ ሲያሳርፍ ሌላው ትልቁ ሃሳብ መጣለት፦ ለፈንክሽኖቹ የተጠቀመባቸው ትራንስፎርሜሽኖች (የመለወጫ ህጎች በሏቸው) ትምህርት ቤት ከምናስተምረው ከኢውክሊድ ጂኦሜትሪ ውጭ ካለው ጂኦሜትሪ ትራንስፎርሜሽኖች ጋር አንድ ናቸው። ወረቀት አላወጣም፣ ቁጭ ብሎ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ፣ ያረጋገጠው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ይሄን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አውቶቡሱን ብቻ ይወዳሉ። ፖይንካሬ ራሱ ግን እዛው ንግግር ላይ እንዲህ ያለው በድብቅ የሚሰራ የአእምሮ ስራ ፍሬ የሚያፈራው ከፊቱም ከኋላውም ታስቦበት የተለፋ ስራ ካለ ብቻ ነው ብሏል። ከፊት ታቀፍ፣ ከኋላ ጫጩቱ በእግሩ መቆሙን እይ ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ መውጣት ብቻ ቢበቃ ኖሮ የአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ታክሲ ረዳቶች ሁሉ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ በቀን ስንቴ ነው መርገጫ የሚረግጡት!

ደግሞ የሚገርመው፣ ግርሃም ዋላስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1926 የፈጠራ ስራን በአራት ደረጃ ሲከፍል ያንን ሃሳቡ ውስጥ ውስጡን የሚበስልበትን ጊዜ ኢንኩቤሽን ነው ያለው። ኢንኩቤሽን ማለት እኮ መታቀፍ ነው፣ የዶሮዋ ቃል። ፈረንጁ እማማ ከበሩ ጀርባ ካስቀመጠቻት ገብስማ ጋ ነው በሌላ መንገድ ዞሮ የደረሰው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ሃሚልተንን ነው። የሂሳብ ሊቅ ነው፣ የአየርላንድ፣ የደብሊን ሰው። ሁለት ሁለት ቁጥሮችን ጥንድ አድርጎ መደመርም ማባዛትም ይቻላል፣ እሱ የፈለገው ሦስት ሦስቱን ማባዛት ነበር፣ ጥያቄው ቢያንስ 15 አመት ሰላም ነስቶታል። በ1843 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ለቁርስ ሲወርድ ልጆቹ በየጠዋቱ «አባባ፣ ሦስቶቹን ማባዛት ቻልክ?» ይሉታል፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ «አይ፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የምችለው» ይላቸዋል። ይሄን ሳነብ እማማ ናት የታየችኝ! ልጅ የትም አገር ልጅ ነው፣ «ተፈለፈለ?» ይላል። ከዚያ ጥቅምት 16፣ ሰኞ ቀን (በነሱ አቆጣጠር ነው)፣ ከሚስቱ ጋር በውሃ ቦይ ዳር ወደ ስብሰባ ሲሄድ መጣለት። ሦስት አይደለም፣ አራት ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ሰንጢውን አውጥቶ ቀመሩን እዚያ ያለ ድልድይ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። ዛሬ ልጆቻችሁ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጌም ውስጥ ያ ሁሉ ነገር ሲሽከረከር የሃሚልተን አራት ቁጥሮች ናቸው ከስር የሚሰሩት። እንግዲህ የ15 አመቱን ልፋት ለልጆቹ በሰጠው መልስ ብቻ ብትመዝነው ለውጡ ዜሮ ፐርሰንት ነው።

እንግሊዛዊውን የሂሳብ ሊቅ አንድሪው ዋይልስንማ ታውቁታላችሁ። የፌርማን ጥያቄ፣ ለዘመናት ሳይፈታ የቆየውን የሂሳብ እንቆቅልሽ፣ በ10 አመቱ ላይብረሪ ውስጥ አገኘው፣ ከ1986 ጀምሮ ቆጥ ላይ እንደወጣች ዶሮ ጣሪያ ስር ያለች ክፍሉ ውስጥ ገብቶ 7 አመት በድብቅ ሰራ፣ በሰኔ 1993 ካምብሪጅ ላይ ጨረስኩ አለ፣ አለም ጉድ አለ፣ ከዚያ ስህተት ተገኘበት። እንደገና ታቀፈው፣ ከተማሪው ከነበረው ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ፣ ሊተወው ጫፍ ላይ ደርሶ መስከረም 19 ቀን 1994 ጠዋት ያ መላ መጣለት።

አሁን ስለ ተረቱ አመጣጥ ያለኝን ቲዎሪ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ተረቱን ያሉት አበው አይደሉም፣ እመው ናቸው። የዛን ጊዜ ወንድ ጫጩቱን የሚያየው በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ሃያ አንዱን ጭረት የቆጠረች ሴት ናት እንቁላሉን ከሚሄደው ጫጩት ጋ አንድ አድርጋ ማየት የምትችለው። ሁለተኛ፣ «በእግሩ» የሚለው ቃል ለማሳመር የገባ አይደለም። የርግብ እንቁላል ቢሆን ተረቱ አይሰራም፣ የርግብ ጫጩት ራቁቷን፣ አይኗ ሳይከፈት ነው የምትወጣው፣ ሳምንታት ትቀለባለች። የዶሮ ጫጩት ግን ጠዋት ቅርፊቱን በስቶ ወጥቶ፣ ላባው እስኪደርቅ ትንሽ ጋደም ብሎ፣ ከሰዓት በእግሩ ቆሞ ይሄዳል። ትናንት ድንጋይ፣ ዛሬ መንገደኛ። «ቀስ በቀስ» የተባለው እንግዲህ ለማይታየው ለውስጡ ነው እንጂ ለውጭው አይደለም፣ ለውጭውማ ድንገት ነው።

ሦስተኛውን ቲዎሪ ሚስቴ አትቀበለውም፣ እኔ ግን አልለቅም፦ ተረቱን አገር ለአገር ያዞሩት የቅኔ ተማሪዎች ይመስሉኛል። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ለምኖ ሲኖር ከበር ጀርባ የታቀፈች ዶሮ አይቶ ያልፋል፣ ከዚያ ከዛፍ ስር ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከውጭ ለሚያየው የተኛ ነው የሚመስለው፣ በኋላ መምህሩ ፊት ቆሞ ይዘርፈዋል። ቃሎቹን ተመልከቷቸው፣ መጀመሪያ ቆጠራ፣ ከዚያ ዘረፋ። ከዶሮዋ ጋ ያለውን መመሳሰል ያ ተማሪ ካላየው ማን ሊያየው ነው?

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ተማሪዎቼ የፕራይም ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም የሚለውን ፕሩቭ አድርጉ ብላቸው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቴሌግራም ላይ ሶሉሽኑን ያወርዳሉ። ይሄ ባህር ዛፍ ስር ወስዶ መስበር ነው። እኔም ብሆን ንጹህ አይደለሁም፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው ብዬ ስንቱን እንቁላል ቦርድ ላይ ሰብሬባቸዋለሁ። ጫጩት ቅርፊቱን ሲበሳ እንኳ አዘንኩለት ብለህ ብትልጥለት ይደማል፣ እማማ ይሄን ስታስጠነቅቅ ድምጿ ይለወጥ ነበር።

አሰልጣኙን ሻይ ሰዓት ላይ አግኝቼው «ስላይድህ ላይ ዶሮዋ የለችም» አልኩት። «ለማሳጠር ነው ጋሼ» አለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። አጥር ሰሪው ግን ባለፈው ማክሰኞ እንደገና ያንኑ ተረት ሲደግምልኝ ትዕግስቴ አልቆ «እሺ ዶሮዋ የታለች? ማን ታቀፈው?» አልኩት ስልክ ላይ። ትንሽ ዝም አለና «ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ይከፋዎታል እንዴ፣ ለገና ወፍራም አድርጌ እራሴ አመጣልዎታለሁ» አለኝ። አጥሩ ጋ ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አይቻለሁ፣ ሁለት ቋሚ እንጨትና አንድ የጎረቤት ፍየል ነው ያለው።