«ገመድ ተዘርግቷል» ማለት «ችግር የለም» ማለት አይደለም

በቡድን ትልቅ ተራራ ሊወጡ ከሚዘጋጁ ሰዎች ዘንድ የማይጠፋ አባባል አለ፦ «ገመዱን ቀድመው ዘርግተውልናል፤ ምን ያሳስባል?» ይህን መስማት ይሰለቻል፤ ደግሞም ሰው ያስገድላል።

ብዙዎቻችን ገመድ ሲባል ደብረ ዳሞ ይታየናል። እዚያ ወገባችሁ ላይ የታሰረውን ጠፍር ከላይ ሆኖ የሚስብ መነኩሴ አለ፤ ብትስቱ ይይዛችኋል። ቋሚ ገመድ ላይ ግን ከላይ የሚጠብቅ ሰው የለም። ገመዱ በረዶው ወይም ዓለቱ ላይ ከተተከለ ችካል ወደ ቀጣዩ ችካል ታስሮ ያልፋል፤ የሚይዛችሁ በገዛ እጃችሁ ያያያዛችሁት ዕቃ ብቻ ነው።

«ጁማር ካለኝ ይበቃኛል።» አይበቃም። ጁማር ወደ ላይ ሲገፉት የሚንሸራተት፣ ወደ ታች ሲስቡት ገመዱን በጥርሱ የሚነክስ የመውጫ መሣሪያ ነው እንጂ ውድቀት ለማቆም የተሠራ አይደለም። የአውሮፓ መለኪያ ከጁማር የሚጠይቀው 4 ኪሎኒውተን (የ400 ኪሎ ያህል ክብደት) እንዲችል ነው፤ ከመደበኛ ካራቢነር (አፉ ከሚከፈትና ከሚዘጋ የብረት ማያያዣ ቀለበት) 20። ድንገተኛ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ጥርሱ የገመዱን ሽፋን ይገሸልጠዋል። ጥርሱ መሃል በረዶ ከተጋገረ ደግሞ ጭራሽ አይነክስም። ስለዚህ ከወገብ መታጠቂያችሁ ሁለት አጫጭር ገመዶች ይውጡ፤ አንዱ ጁማሩን፣ ሌላው የሚቆለፍ ካራቢነር ይያዝ። የጁማሩ ገመድ ክንድ ተዘርግቶ ከሚደርስበት እንዳይረዝም፤ ከረዘመ ስትንጠለጠሉ ጁማሩ ላይ አትደርሱም።

ካራቢነር ብቻውንስ? እሱ ገመድ አይነክስም። ከታችኛው ችካል 30 ሜትር ወጥታችሁ ብትወድቁ፣ 30ውንም ሜትር ተንሸራታችሁ የምትቆሙት እዚያው ችካል ላይ ነው፤ ችካሉ ከቻለ።

ዋናው አደጋ ያለው ችካሉ ጋ ነው፤ ጁማር ቋጠሮ አያልፍምና የግድ ይፈታል። ሲደክም፣ ከኋላ ያለው ሲያጣድፍ፣ ሰው ሁለቱንም በአንዴ ይፈታል። ጁማሩ ከታች እንደያዘ መጀመሪያ ካራቢነሩን ብቻ ፍቱ፤ ከችካሉ በላይ ባለው ገመድ አስገቡት፣ ቆልፉት፣ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ ጁማሩን አንሥታችሁ ከችካሉ በላይ አስገቡ፤ ጥርሱ መዘጋቱን በዓይናችሁ እዩ። አንዱ ሳይገባ ሌላው አይወጣም። ይህን በወፍራም ጓንት፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሠሩት ድረስ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፤ እዚያ ላይ «ጓንቴን ላንድ አፍታ ላውልቅ» ያለ ሰው ጣቱን ያጣል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዓለም በከፍታ ሁለተኛው በሆነው ተራራ በኬቱ (8,611 ሜትር) ላይ፣ ቦትልኔክ በሚባለው ጠባብ ሰርጥ፣ አንድ ሰርቢያዊ ራሱን ከገመዱ ፈትቶ ሳለ አዳለጠውና ወድቆ ሞተ። ገመዱ እዚያው አጠገቡ ነበር።

«ገመድ ካለ የበረዶ መጥረቢያ ሸክም ነው» ለሚሉም መልሱ ያው ቀን ነው። ማታ ከላይ የተናደ ግግር በረዶ ቋሚ ገመዶቹን ቆርጦ ወሰዳቸው። ኔፓላዊው ተራራ ወጪ ችሪንግ ዶርጄ መጥረቢያ ያልነበረውን የአገሩን ልጅ ፓሳንግ ላማን ከራሱ ጋር አስሮ፣ ያለ ቋሚ ገመድ በጨለማ አወረደው። በዚያ አደጋ 11 ሰዎች ሞቱ።

«ገመድ ሁሉ ገመድ ነው» የሚባለውም ስሕተት ነው፦ ኤቨረስት መንገድ ላይ፣ ሎትሴ ግድግዳ በሚባለው ቀጥ ያለ የበረዶ ተዳፋት ላይ ያለፉት ዓመታት ገመዶች ከአዲሱ ጎን ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ፀሐይ የመታው ናይሎን ከውጭ ደህና መስሎ ይበጠሳል። ቀለሙ የለቀቀውን፣ ሽፋኑ የተገሸለጠውን አትንኩ፤ የዘንድሮው የትኛው እንደሆነ መሪያችሁን ጠይቁ።

«ለአሥር ሰው ተብሎ ነው የተዘረጋው።» አዎ፣ ግን በተራ። ቀጥ ባለ ቦታ በሁለት ችካሎች መካከል አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አንዱ ሲወድቅ ገመዱ ተወጥሮ ሌሎቹን ከእግራቸው ይነቅላል፤ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ያለው ችካልም አብሮ ይወጣል። ችካሉን ያለፈ ሰው «አልፌያለሁ!» ብሎ ይጩህ፤ ከታች ያለው እስከዚያ ይቁም።

ሲወርዱም ያው ሕግ ነው። ከታች ሰው የተንጠለጠለበት ገመድ ስለሚወጠር «ስምንት ቁጥር» በሚባለው የመውረጃ ብረት ውስጥ አይገባም፤ በጉልበት ከመታገል ይልቅ ገመዱ እስኪላላ ጠብቁ። ካራቢነሩ ግን ስትጠብቁም ችካሉ ላይ እንደተቆለፈ ይቆይ።