አልዩ አምባ፦ ከአንኮበር ሥር ያለችው ገበያና የተፈራረቁባት ነጋዴዎች

አልዩ አምባ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በአንኮበር ወረዳ፣ ከአንኮበር ከተማ በስተምሥራቅ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ ከአካባቢው ውጭ ብዙም አይነሳም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የሸዋ ነገሥታት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ የሚያገኙት በዋናነት በእሷ በኩል ነበር። አንኮበር የነገሥታቱ መቀመጫ ስትሆን አልዩ አምባ ከሥሯ ያለች የደጅ ገበያ ነበረች፤ ቤተ መንግሥቱ ከላይ በብርድና በጉም ውስጥ፣ ነጋዴው ከታች በሙቀቱ። የከተማዋን ታሪክ ለማወቅ ከገዢዎቿ ይልቅ ነጋዴዎቿን መከተል ይሻላል። ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ማን ለቅቆ ሄደ የሚለው ጥያቄ ነው ከተማዋን የሚገልጣት።

ገበያው እዚያ ቦታ ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ቅፍለት (የነጋዴዎች የጉዞ ጓድ) በግመል የሚጓዝ ነው፤ ግመል ደግሞ የሸዋን ገደል አይወጣም፣ ብርዱንም አይችልም። የደጋው በቅሎና አህያ በበኩላቸው በረሃውን አይዘልቁም። ስለዚህ ዕቃው የግድ ከግመል ወርዶ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያ ወይም ወደ ሰው ትከሻ የሚዛወርበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። ግመሎቹ ከተራራው ግርጌ ፋሬ በምትባለው መንደር ይቆማሉ፤ የንጉሡ ሰዎችም እዚያው ቀረጥ ይቀበላሉ። ከዚያ ሸክሙ ሽቅብ ይወጣና አልዩ አምባ ላይ ያርፋል። የደጋው ሰው የቆላ ንዳድ (ወባ) ስለሚፈራ ከዚህ በታች ወርዶ ማደር አይወድም ነበር፤ የቆላው ሰውም ከዚህ በላይ ያለው ብርድ አይስማማውም። ሁለቱም ሳይጎዱ የሚገናኙበት ከፍታ ይህ ነው።

የንግዱ መሠረት ግን ከአንኮበር ነገሥታት በጣም ይቀድማል። ይህ ተዳፋት የይፋት አገር ነው። የወላሽማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የይፋትን ሱልጣኔት የገዛው ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ነበር። እንደ አስባሪና ኖራ ባሉ ቦታዎች የሚታዩት የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሾች በዚህ ተዳፋት ላይ የከተማ ኑሮ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይመሰክራሉ። በ1830ዎቹ ዓ.ም. የውጭ ተጓዦች ሲመጡ የአካባቢው ሹም መጠሪያ አሁንም «ወላስማ» ነበር። ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሲሆን መቀመጫው ጎንቾ ነው፤ የቆላውን በርና የቅፍለቱን መንገድ የሚጠብቀውም እሱ ነበር። ጎንቾ የንጉሡ ወንድሞች ታስረው የሚቀመጡባት አምባም ነበረች። አንድ ሹም የገበያውንም የእስር ቤቱንም ቁልፍ መያዙ ንጉሡ ለዚህ በር የሰጠውን ክብደት ያሳያል።

የአልዩ አምባ የደመቀ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው (1805–1840 ዓ.ም.)። ንጉሡ ለንግድ ትልቅ ፍላጎት ነበረው፤ ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ነውና። ሆኖም የውጭ ነጋዴ እንደ ልቡ አገሩን እንዲዘዋወር አልፈቀደም። ከቆላ የመጣው ነጋዴ አልዩ አምባና በአቅራቢያዋ ባለችው አብዱልረሱል ይቆማል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ በቀጥታ መግዛትና መሸጥ አይችልም። የደጋው ዕቃ ወደ እሱ ይወርድለታል እንጂ እሱ ወደ ዕቃው አይወጣም። ይህ ክልከላ ነው ከተማዋን ከመሸጋገሪያነት ወደ መደብር ከተማነት ያሳደጋት። እንግዳው ነጋዴ ቤት መያዝ፣ ደላላ ማበጀት፣ ዕቃውን ማከማቸት፣ ቅፍለቱ እስኪመለስ ወራት መጠበቅ ነበረበትና።

ከእንግዶቹ ነዋሪዎች መካከል የጎሉት ሐረሪዎች ነበሩ። ሐረር በዚያን ጊዜ በአሚሯ የምትተዳደር ራሷን የቻለች የግንብ ከተማ ስለነበረች የአልዩ አምባ ሐረሪዎች በሌላ አገር የሚነግዱ እንግዶች ናቸው፤ የአሚሩም ወኪል አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። ቡናና የሐረር ሸማ፣ ከበርበራና ከዘይላ የሚገባ ጨርቅም በእነሱ እጅ ያልፋል። ቀጥለው የታጁራና የአውሳ አፋሮች ይመጣሉ። እነዚህ እንደ ሐረሪው ቤት ይዘው የሚቀመጡ ሳይሆኑ በቅፍለት መጥተው በቅፍለት የሚመለሱ ናቸው። ዋና ሸክማቸው ከአሳል ሐይቅ የሚጫን ጨው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ከ150 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያ የተዛቀው ጨው ይህን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የሸዋ ደገኛ ወጥ ውስጥ ይገባል። ይህ ጨው ከአሞሌው ይለያል። አሞሌው በሰሜን ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተጠርቦ በትግራይና በወሎ በኩል የሚመጣ ሲሆን በገበያው ውስጥ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር።

የእነዚህ ሁሉ አስተናጋጆች አርጎባዎች ናቸው። አርጎባ በሃይማኖቱ ሙስሊም፣ በቋንቋው ለአማርኛ ቅርብ የሆነ ሕዝብ ነው። የቆላውንም የደጋውንም ሰው አመል ያውቃል፤ ደላላነቱም፣ አስተርጓሚነቱም፣ ሽመናውም በእጁ ነበር። በእኔ ግምት ያለ አርጎባ አልዩ አምባ ከመንገድ ዳር ማረፊያነት አታልፍም ነበር።

የገበያው ቀን ዓርብ ነበር። ከደጋ ገብስና ስንዴ፣ ማር፣ በቅሎና ፈረስ ይወርዳል፤ ከተዳፋቱ ጥጥ፣ ማሽላና በርበሬ ይመጣል፤ ከባሕር በኩል ደግሞ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ። ለመልሱ ጉዞ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ይጫናል። ትንሹ ግብይት በአሞሌ ሲሆን ትልቁ በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ብሩም ዝም ተብሎ አይወሰድም፤ ሻጩ በእቴጌይቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ነጥቦችና የትከሻዋን ጌጥ አገላብጦ ያያል፣ አንዷ ከፈዘዘች ይመልሰዋል። በነሐሴ ዝናብ የሚሟሽሸውን አሞሌ በደረቅ ቦታ ማኖርም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነበር።

ስለዚህ ገበያ ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። አብዱልረሱል የሰው መሸጫ ነበረች። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ እዚያ ተገዝተው በፋሬ በኩል ወደ ታጁራ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ይነዱ ነበር። ጨው ይዞ የወጣው ቅፍለት ሲወርድ ከሚነዳው ዋናው ሰው ነበር። የአልዩ አምባን ብልጽግና በዚህ ሥቃይ ላይ ከቆመው ትርፍ ነጥሎ መናገር እውነቱን ማጉደል ነው። በአዋጅ በኩል ባርነት ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን የዚህ ገበያ ንግድ ግን ቀደም ብሎ፣ ቅፍለቱ ራሱ ሲቀር፣ ተዳክሞ ነበር።

አውሮፓውያንም ከዚህ ገበያ ጊዜያዊ ነዋሪዎች መካከል ናቸው። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሻለቃ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ወጣ፤ ንጉሡ እስኪጠራቸውም አልዩ አምባ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በተከታዩ ኅዳር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከዓመት በኋላ የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ ለወራት እዚያው ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ በንዳድም ታመመ። ስለ ከተማዋ የዕለት ኑሮ ብዙ የምናውቀው ከእሱ ማስታወሻ ነው። ልዑካን ንጉሥና ሠራዊት ያያሉ፤ የታመመ ሰው ግን ጎረቤቱን፣ የቤቱን ባለቤት፣ በሩ ላይ የሚያልፈውን ገበያተኛ ያያል። ለዚህ ነው የጆንስተንን ጽሑፍ ከሃሪስ ጌጠኛ ትረካ የማስበልጠው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ የአንኮበር ንጉሥነት ተቋረጠ፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ ግን መንገዱም አብሮ ነቃ። አሁን የገበያው ልብ ጨው ሳይሆን ጠመንጃ ሆነ። የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በ1860ዎቹ መጨረሻ መጥተው ከአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፈሩ። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በአሰብና በአውሳ በኩል የሚመጣውን መንገድ ይዞ በግንቦት 1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። በዚያን ጊዜ ለተመለከተ ሰው አልዩ አምባ ወደ ላይ የምትወጣ ይመስል ነበር።

ሁሉን የለወጠው 1879 ዓ.ም. ነው። በዚያው አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በጨለንቆ ጦርነትም ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። ቤተ መንግሥቱ ቀደም ብሎ ወደ እንጦጦ ርቆ ስለነበር አንኮበር የግምጃ ቤትና የቅርስ ከተማ ብቻ ሆና መቅረት ጀምራለች። ይህን ለውጥ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የአንድ ሰው ጉዞ አለ። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ፣ ግጥም መጻፍ ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው፣ ከታጁራ ተነሥቶ በአሮጌው መንገድ በየካቲት 1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ አልነበሩም፤ ሸክሙን ይዞ እስከ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት። ሸጦ ሲመለስ ግን ወደ አንኮበርና ወደ ፋሬ አልወረደም፤ ከፈረንሳዊው ተጓዥ ከቦሬሊ ጋር በአዲሱ መንገድ በሐረር በኩል ተመለሰ። በአሮጌው መንገድ በመምጣቱና በአዲሱ በመመለሱ መካከል ያሉት ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው፤ የአልዩ አምባ የገበያ ዕጣም በእነዚያ ወራት ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። ሐረርና ሸዋ በአንድ መንግሥት ሥር ሲሆኑ ሐረሪው እንደ እንግዳ አልዩ አምባ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ምክንያት ጠፋ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ፈጠረ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የግመሉም የታጁራም ዘመን አበቃ። ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ አውራ ጎዳና በደብረ ብርሃን አልፎ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስቶ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ለመኪና ደጋና ቆላ የሚጋጠሙበት ማራገፊያ አያስፈልገውም፤ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል፣ ይወጣል። የሱቅ ረድፍ፣ ምግብ ቤትና መጋዘን በዚህ አስፋልት ዳር ተደረደረ። የይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት ዛሬ የሚጫነው በሸዋ ሮቢት በኩል ነው፤ መንገደኛ ቆሎ የሚገዛውም ደብረ ሲና ላይ። ደብረ ብርሃን ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን፣ ዩኒቨርሲቲዋንና የቢራ ፋብሪካዎቿን ይዛ የዞኑ ዋና የንግድ ከተማ ሆናለች።

የአሚሩ ወኪል፣ የታጁራው ቅፍለት፣ የጠመንጃው ነጋዴና የእንግሊዙ ልዑክ ሁሉም ከአልዩ አምባ ለቅቀዋል። ያልለቀቁት አርጎባዎች ናቸው። በተዳፋቱ ላይ እርከን ሠርተው ማሽላ ያበቅላሉ፤ ሸማኔዎቻቸውም ጥጡን ፈትለው ይሸምናሉ። ገደሉን ወጥቶ ወደ አንኮበር የሚሄደው አህያ ዛሬም የሚጫነው የቆላውን እህል ነው፤ ሲመለስም የደጋውን ገብስ ይዞ ይወርዳል።