ጡረታ ምንድን ነው? መጦር እንዳይመስላችሁ

«ወታደሩን እኮ መንግሥት እየጦረው ነው፤ ምን ጎደለበት?»

ይህቺን ሰሞኑን ጅማ፣ ሕርማታ ሰፈር ቡና ስጠጣ ከጎኔ ካለው ወንበር ሰማኋት። በዚህ ወር ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። እኔ የጡረታ ፋይል ስገልጥ ስከድን ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። ጡረታ የመጣው ከመጦር ነው። ጧሪ ደግሞ ጧሪ ቀባሪ ነው፤ ወዶና አዝኖ የሚያበላ። ልጁ የሚጦራት እናት ስንት ዓመት እንዳዋጣች አትጠየቅም። የሕጉ ጡረታ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እድር ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ወር በወር ትከፍላለህ፣ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑ ይተከልልሃል። እድሩ መጸወተህ የሚልህ የለም። ወታደሩም ከደመወዙ 7 በመቶ በየወሩ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ያዋጣል። ለሲቪል ሠራተኛ የአሠሪው ድርሻ 11 በመቶ ነው። «ይኸው ድጎማው!» የሚሉኝ እዚች ጋ ነው። ወገኔ፣ ወታደር ቶሎ ይሰናበታል። የመውጫ ዕድሜው እንደ ማዕረጉ ነው፤ ሲቪሉ እስከ 60 ይሠራል። የሚያዋጣበት ዘመን አጭር፣ የሚከፈለው ዘመን ረጅም ከሆነ ልዩነቱን የሚሞላ ያስፈልጋል። ደግሞ ያ 25 በመቶ ለአደገኛ ሥራ የሚገባ፣ ለኋላ የተቀመጠ ደመወዝ ነው ብትሉኝ አልቃወምም።

ወታደሩ አለው የሚባለውን ልዩ ጥቅም በብር እንየው። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ፣ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65፣ ለሲቪል 1.25 በመቶ ይጨመራል። ወታደሩ 4,650 ብር ያገኛል፣ ሲቪሉ 4,250። ልዩነቱ 400 ብር ነው። ከ70 በመቶ በላይ ደግሞ ማንም አያልፍም። ወታደሩ ሲሞት ሚስቱ የምታገኘው ግማሹን ነው፤ 2,325 ብር።

አሁን እድሩን ትንሽ እንጎትተው። አገልግሎቱ 10 ዓመት ሳይሞላ ሰፈር ለለቀቀ ሰው ድንኳን፣ ማለትም የወር ጡረታ፣ የለም፤ ያለው ታስቦለት አንዴ ይሰጠውና ይሸኛል። ይህ በሕጉ ዳረጎት ይባላል። (ዳረጎት! ሰው ምጽዋት ቢመስለው ምን ይገርማል? ስም ያወጣለትን ባገኘው እጠይቀው ነበር።) በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ያቃተው ግን 10 ዓመት አይጠበቅበትም፤ በገባ በሳምንቱም ቢሆን ድንኳኑ ይተከላል። እድሩ የማይመስልበትም ቦታ አለ። እድር ላይ ዳኛውን አልፈልግህም ትለዋለህ። እዚህ እጅ የምታወጣበት ስብሰባ የለም። ደግሞ አበሉ የሚሰላው በድሮ ደመወዝ ነው፤ ገበያው በዛሬ ዋጋ።

ወደ ወንበር ጎረቤቴ ልመለስ። «መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች ያወጣው» ብሎ የጡረታ ክፍያውን ሁሉ የሚደምር ሰው ሁለቴ እየቆጠረ ነው። የመንግሥት መዋጮው ወታደሩ ምሽግ እያለ ከበጀት ወጥቷል። የጡረታ ፈንድ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ከፈንዱ ሲከፈል እንደ አዲስ ወጪ አይቆጠርም። ተሐድሶ ግን ሌላ ነው። በ2015 የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ኑሮ ለመመለስ የሚያወጣው ከመንግሥትና ከለጋሾች የሚመጣ ገንዘብ ነው። እሱን ወጪ በሉት፣ በዛ ወይ አነሰ ብላችሁም ተከራከሩበት። ከጡረታ ጋር ግን አትቀላቅሉት።

አንድ ቀን አንድ ሰው ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ በላስቲክ የተለበጠች የመሰናበቻ ወረቀት ነበረች። በ1975ቱ አዋጅ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ናቸው። አገልግሎቱ በአዋጁ 30 ወር ነበር፤ እሳቸው ሦስት ዓመት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ቡና መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ ነው ያሳለፉት።

«ልጄ፣ መንግሥት ወታደሩን ይጦራል ሲሉ ሰማሁ።»

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት አገለገሉ?» አልኳቸው፤ ወረቀቱን እያየሁ። መልሱ ጽሑፉ ላይ ነበር። ለመጠየቅ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ወረቀቱን አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱት። ጫፉን ሁለቴ ቋጠሩት።