የታሪክ ልብ ወለድ ምንድን ነው? ከከሰል ቆፋሪዎች ትግል ጋር

የታሪክ ልብ ወለድ ማለት በእውነት በነበረ ዘመንና በእውነት በሆነ ነገር ላይ ቆሞ፣ መዝገብ ያልያዛቸውን ሰዎች በምናብ የሚያስገባ ድርሰት ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ሹሙ፣ ግጭቱ የታሪክ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ልጇን ቀስቅሳ ቁርስ የምታበላው እናት ግን የደራሲው ናት። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ረጅሙ የሚጀምረው «ታዲያ ደራሲው ደስ ያለውን ይጽፋል ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። አይጽፍም። ለምን እንደማይጽፍ ነው ዛሬ የማወራው።

እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች የታሪክ ልብ ወለድ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ንጉሥ ነው። አፄ ፋሲል፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ የቋራው ካሳ። አይፈረድብንም። ግንቡ ከተማው መሀል ቆሟል። ጃንተከል ዋርካ ሥር አረፍ ያለ ሰው ቀና ቢል የሚያየው እሱን ነው። ለዚያ ግንብ ኖራ ያቦካው፣ ድንጋይ የተሸከመው ሰውስ? ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ምን ይበላ ነበር? ከመወጣጫው ሲወድቅ ማን አነሣው? ለሚስቱ ማን ነገራት? ንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበረው። ተሸካሚው አልነበረውም። የታሪክ ልብ ወለድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ምሳሌዬን ከቤተ መንግሥት አላመጣም። ከከሰል ጉድጓድ ነው የማመጣው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ለመብታቸው ያደረጉት ትግል ለዚህ ዓይነት ድርሰት በጣም የተመቸ ነው። ሰነዱ ብዙ ነው፤ የምርመራ ሪፖርት አለ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፣ ፎቶ አለ። ችግሩ አብዛኛውን የጻፉት አሠሪው፣ ፖሊሱና ጋዜጠኛው መሆናቸው ነው። ቆፋሪው በገዛ እጁ የተወው ወረቀት ትንሽ ነው። ደራሲው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

አንድ ቦታ እንያዝ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ሉድሎ። በመስከረም 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1913) በዚያ አካባቢ ያሉ የከሰል ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ። የኖሩት በኩባንያው ቤት ነበርና ወዲያው ከነቤተሰባቸው ተባረሩ። ማኅበራቸው በተከራየው መሬት ላይ ድንኳን ተከሉ። ክረምቱን በረዶ ላይ አሳለፉት። ግሪኮች፣ ጣሊያኖች፣ ሜክሲኮዎች፣ ሌሎችም ብዙ ነበሩ፤ በቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ናቸው አንድ ላይ ያደሙት።

ምን ጠየቁ? የሥራ ቀኑ ስምንት ሰዓት ይሁን። ከፈለግነው ሱቅ እንግዛ፣ በፈለግነው ሐኪም እንታከም። ማኅበራችን ዕውቅና ያግኝ። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ በኮሎራዶ ሕግ ቀድሞ የተጻፉ ነበሩ። ተግባር ላይ የሚያውላቸው ነው የጠፋው።

ከጥያቄዎቹ መካከል ግን እኔን የያዘኝ የሚዛን ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቆፋሪው የሚከፈለው በቀን ሳይሆን በቶን ነው። ያወጣውን ያህል ይበላል። ጣራው እንዳይናድ የድጋፍ እንጨት ሲያቆም ግን አይከፈለውም። ሐዲድ ሲዘረጋ አይከፈለውም። የተናደ ድንጋይ ሲያነሳም እንደዚያው። ከሰል አይደለማ! ስለዚህ ጣራውን ልደግፍ ያለ ሰው በዚያ ቀን የልጆቹን ዳቦ ይቀንሳል። ከሰሉን ላውጣ ያለ ደግሞ ጣራው ይወርድበታል። ያ ሁሉ የጉድጓድ አደጋ ከሰዎች ግዴለሽነት ብቻ የመጣ አይደለም። ከአከፋፈሉም የመጣ ነው።

ከዚያ ፉርጎው ይሞላል። ቆፋሪው የራሱ ቁጥር ያለባት ትንሽ የብረት ምልክት ፉርጎው ላይ ይሰቅላል። ፉርጎው ወጥቶ ላይ ይመዘናል። እሱ ግን ታች ነው። ሚዛኑን አያየውም። የሚመዝነው የኩባንያው ሰው ነው፣ የሚጽፈውም እሱ ነው። «ድንጋይ ተቀላቅሎበታል» ብሎ የሚቀንሰውም እሱ ነው። ሚዛን ሲበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቢሆን ቆመህ ትጨቃጨቃለህ። እዚህ ግን ሚዛኑ ያለው መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ያለው መሬት ውስጥ ነው። የቆፋሪዎቹ ጥያቄ ይህ ነበር፦ እኛ የመረጥነው ሰው ሚዛኑ አጠገብ ይቁምና ያንብብ። አንድ ቶንም በ2,000 ፓውንድ ይቆጠር፣ ከዚያ በላይ አይጫንብን።

ይህ እስካሁን ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ የሚገባው በምን በኩል ነው? ላሳያችሁ፤ ይህችን አንቀጽ ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ ነው የጻፍኳት።

«ያኒስ ፉርጎውን እስከ አፉ ሞላው። ቁጥሩን ከኪሱ አውጥቶ በጎኑ ሰቀለ። በቅሎዋ ጎተተችው፤ የነጂው መብራት ከመታጠፊያው ጠፋ። ከዚህ በኋላ ከሰሉ የሱ አይደለም። ማታ ሲወጣ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ ፈለገ። ትናንት በዚሁ ፉርጎ ከተጻፈለት ያንሳል። መዛኙ ቀና ሳይል ‹ድንጋይ ነበረበት› አለው። ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጁ ለቅሞ ነበር። ይህን ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ግን የለውም። ቆቡን አደረገና ወጣ።»

ያኒስ የሚባል ሰው የለም። ያ ማታም የለም። ቁጥሩ፣ በቅሎዋ፣ መዛኙ፣ የቋንቋው ችግር ግን ሁሉም የነበሩ ናቸው። ሪፖርቱ «ስለ ሚዛን ቅሬታ ነበር» ይላል። ልብ ወለዱ ቅሬታው በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ሲቆም ያሳያል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

የሉድሎ ነገር በመጥፎ ነው ያበቃው። ሚያዝያ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. (ኤፕሪል 20፣ 1914) የግዛቱ ብሔራዊ ዘብና የኩባንያው ዘበኞች በድንኳኖቹ ላይ መትረየስ ተኮሱ። ድንኳኖቹ ተቃጠሉ። ከጥይት ለመሸሸግ ከአንድ ድንኳን ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የገቡ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት እዚያው አለቁ። ከአድመኞቹ መሪዎች አንዱ፣ ግሪካዊው ሉዊስ ቲካስ፣ በዚያው ቀን ተገደለ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ሰኞ ነበር፤ የፋሲካ ማግስት። ግሪኮቹ ኦርቶዶክስ ናቸውና የዚያ ዓመት ፋሲካቸው ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው የዋለው። እሑድ ዕለት ድንኳኖቹ መካከል በዓሉን አክብረዋል። እዚህ ጎንደርም በዚያው ቀን ጾም ተፈትቶ ዶሮ ተበልቷል። ማግስቱ ለእኛ ማዕዶት ነበር፣ ለእነሱ እሳት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አፄ ምኒልክ አርፈዋል። ስለ ሉድሎ በአማርኛ ልጻፍ የሚል ደራሲ ቢመጣ በዚህ በር ይግባ እላለሁ። የሩቅ አገር ታሪክ በበዓል በኩል ቤት ድረስ ይመጣል።

አሁን ወደ ሕጉ። ደራሲው የማይነካቸው ነገሮች አሉ። ቲካስ በዚያን ቀን ሞቷል፤ በሕይወት ሊያስቀረው አይችልም። የሚተርፍ መሪ ከፈለገ ሌላ ሰው ይፍጠር። የፈጠረው ሰው ደግሞ ታሪክ ሊመዘግበው ግድ የሚሆንበትን ነገር ማድረግ አይችልም። አድማው በታኅሣሥ 1907 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1914 ሊያልቅ ሲል፣ ማኅበሩ ዕውቅና ሳያገኝ ቆመ። እንግዲህ በመጨረሻው ምዕራፍ ኩባንያው እጅ ሰጥቶ ሁሉም ሲጨፍር ብናነብ፣ ያ የታሪክ ልብ ወለድ አይደለም፤ ምኞት ነው። የአሜሪካ ሠራተኞች የመደራጀት መብት በአገር አቀፍ ሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በሉድሎ ያለ ገጸ ባሕርይ ይህን አያውቅም። ደራሲው ያውቃል። አለማወቁን መጠበቅ ከባዱ ሥራ ነው።

ትናንሽ ነገሮችም ያጋልጣሉ። በዚያን ጊዜ ቆፋሪው ቆቡ ላይ የሚያስረው መብራት የካርባይድ ወይም የዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ጉድጓድ ውስጥ ሁሉም ሰው የባትሪ መብራት ካበራ መጽሐፉ ተዓማኒነቱን ያጣል። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ያየዋል። እኔ አላየውም። መብራቱን ያላጣራ ደራሲ የሰውየውን ኀዘን አጣርቷል ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

ንግግርም እንደዚሁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ በራሪ ወረቀት ሲናገሩ ታሪኩ ይሞታል። የተጨቆነ ሰው «ተጨቁኛለሁ» እያለ አይውልም። ስለ ዱቄት ዋጋ ያወራል፣ ስለ ልጁ ሳል ያወራል፣ ካቦውን ይረግማል። አድማው ከዚህ ወሬ መሀል ይወጣል።

አንድ የአፍሪካ ምሳሌ ልጨምር፤ ያለሱ ነገሩ የፈረንጅ ብቻ ይመስላል። ናይጄሪያ፣ ኢኑጉ፣ የኢቫ ሸለቆ ጉድጓድ። አገሩ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነው። ቆፋሪዎቹ ያልተከፈለን ገንዘብ አለ ብለው ሥራ አቀዘቀዙ፤ ጉድጓድ ይገባሉ ግን አያወጡም። ኅዳር 9 ቀን 1942 ዓ.ም. (ኖቬምበር 18፣ 1949) ፖሊስ እዚያ የተከማቸውን ድማሚት ሊያወጣ ሄደ። ቆፋሪዎቹ ተሰብስበው ይዘፍኑ ነበር። እንግሊዛዊው መኮንን ተኩስ አዘዘ። 21 ሰዎች ተገደሉ።

በኋላ አጣሪ ኮሚሽን ተቀመጠ። ለመኮንኑ ዘፈኑና ጭፈራው የጥቃት ዋዜማ መስሎታል። ለቆፋሪዎቹ መበረታቻ ነበር። አንድ ዘፈን፣ ሁለት ጆሮ። የታሪክ ምሁር ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል። ይህ ሥራው ነው፣ እናመሰግነዋለን። ልብ ወለድ ግን ከዘፋኞቹ መካከል ያቆምሃል። ማን እንደጀመረው፣ ከጎንህ ያለው ሰው ዜማውን ሲስት፣ ፖሊሶቹ ጠመንጃ ሲያነሱ የፊተኛው ረድፍ ዝም ሲል የኋለኛው ገና ሲዘፍን ትሰማለህ። ይህን የትኛውም ኮሚሽን አይጽፈውም።

ስለ ከሰል ሳወራ «ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉኝ አሉ። አንደኛ፣ ከሰሉ ራሱ ሩቅ አይደለም። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ጭልጋ መሬት ውስጥ ከሰል አለ። በዚያው አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላቸው የጥንት የዝሆን ዘሮች ቅሪተ አካላትም ተገኝተዋል። ሁለተኛ፣ የሚዛኑ ጥያቄ እዚህም አለ። መተማና ቋራ ወርዶ ሰሊጥ በቁርጥ ያጨደ የደጋ ልጅ «ስንት አጨድኩ፣ ስንት ተጻፈልኝ» የሚለውን ጭቅጭቅ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ያኒስን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ግን እውነቱን ለመናገር እኔ የምመኘው የሉድሎን ታሪክ በአማርኛ ማንበብ ብቻ አይደለም። የሊማሊሞንም ነው። ያን ጠመዝማዛ መንገድ ጣሊያኖች ናቸው ያሠሩት። በመኪና የወረደው ሁሉ ገደሉን እያየ «ይህን እንዴት ሠሩት?» ይላል። «ሠሩት» ስንል ማንን ነው የምንለው? ዶማ የያዘው፣ ድንጋይ የፈለጠው፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ማን ነበር? ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ስትወጣ መንገዱ እዚያው ቀረ። የሠራተኞቹ ስም ግን አብሮት አልቀረም።

ይህን ልጻፍ የሚል ወጣት ካለ መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የሠራተኛ ማኅበራት በአገር ደረጃ አንድ ሆነው የተደራጁት በ1955 ዓ.ም. ነው። የሊማሊሞ ሠራተኛ በ1930 ዓ.ም. የማኅበር ስብሰባ ጠርቶ ቃለ ጉባኤ አይዝም። እምቢታውን በሌላ መንገድ ነው የሚገልጸው። ሌሊት ይጠፋል። ታምሜያለሁ ይላል። ሥራ ያዘገያል። በግጥም ካቦውን ይሰድባል። የትኛውን እንዳደረገ ገምቶ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ጠይቆ መጻፍ ይሻላል።

የሚጠየቅ ሰው ደግሞ አለ። ሠራተኞቹ ራሳቸው አልፈዋል። ከአባታቸው የሰሙ ልጆች ግን ዳባትና ደባርቅ ውስጥ ሽምግልና ላይ ናቸው። መጀመሪያ ስለ ጀግንነት አትጠይቋቸው። በምን ይከፈላቸው እንደነበር ጠይቁ፤ በሊሬ ነው ወይስ በጠገራ ብር? ስንቅ ከቤት ነበር የሚሄድ ወይስ እዚያው ይሰጣል? ማታ የት ነበር የሚያድሩት? ቀኑን ማን ነበር የሚቆጥርላቸው? ቆጠራው ሲሳሳት ለማን ነበር የሚነገር?