ጡረታ፣ ያልተወለዱ ልጆችና የድምፅ ሳጥን

ዌልፌር ስቴት የሚባለው ነገር በአጭሩ ቃል ኪዳን ነው። ብትታመም፣ ሥራ ብታጣ፣ ብታረጅ መንግሥት አይጥልህም ይላል። ጀማሪዋ ጀርመን ናት። የአገሪቱ ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 የጤና መድን ሕግ አወጣ፣ በ1889 ደግሞ የጡረታውን አስከተለ። ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶቹ እንዳይሄድበት ነበር ይህን ማድረጉ። ጡረታው የሚከፈለው ከ70 ዓመት ጀምሮ ስለነበር ብዙ ሰው ሳያገኘው ይሞት ነበር፤ ወጪው ያኔ ቀላል የነበረው ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ የሆነ ካዝና ውስጥ በስማችን ተቀምጦ የሚጠብቀን ይመስለናል። በአብዛኛው አገር ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ የሚቆረጠው ገንዘብ ዛሬ ላሉት ጡረተኞች ይከፈላል፣ የዛሬውን ወጣት ሠራተኛ ጡረታ ደግሞ የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው። ካልተወለዱስ?

እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ስደት ሳይታሰብ የሕዝብ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጅ መውለድ አለባት። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 0.72 ላይ ደረሰች። ጃፓን ውስጥ ከ10 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው 65 ዓመት አልፎታል። በድጎማ ይመለሳል እንዳይባል ደግሞ፣ ለወላጆች ረጅም የክፍያ ፈቃድና ርካሽ የሕፃናት መዋያ ያላት ፊንላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1.3 በታች ወርዳ ነበር። ሃንጋሪ አራትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሏቸውን እናቶች ከገቢ ግብር ነፃ አደረገች፤ ቁጥሩ ለጥቂት ዓመታት ከፍ ብሎ ነበር፣ ተመልሶ ወረደ። ሴቶችን መውቀስ ነውር ነው። የቤት ዋጋ ሲሰቀል፣ የሥራ ሰዓት ሲረዝም፣ ልጅ ማሳደግ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ማን ደፍሮ ይወልዳል?

ዴሞክራሲው የሚያዘነብለው እዚህ ላይ ነው። አረጋውያን በቁጥር እየበዙ ናቸው፣ ምርጫ ጣቢያም ከወጣቱ በላይ ይሄዳሉ። ጃፓኖች "ሲልቨር ዴሞክራሲ" ይሉታል፣ የሽበታሞች ዴሞክራሲ እንደማለት ነው። ጡረታ የሚነካ ፖለቲከኛ ወንበሩን ሊያጣ ይችላል፣ ስለዚህ ውሳኔው በየምርጫው ይገፋል። መግፋት ሲያቅት ደግሞ ድምፅን ማለፍ ይመጣል፤ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ከፍ ሲያደርግ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49.3 ተጠቅሞ ሕጉን በብሔራዊ ሸንጎው ድምፅ ሳያሰጥበት አሳለፈው፣ ከሚሊዮን በላይ ሰው አደባባይ ወጥቶ እየተቃወመ። እኔ ሁለቱንም አልወድም። አንዱ ሸክሙን ለልጆች ይተዋል፣ ሌላው ሕዝቡ በምርጫ ላይ ያለውን እምነት ይበላል።

መላ የፈለጉ አሉ። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 አወረደች። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ፖል ዴሜኒ ወላጆች በልጆቻቸው ስም ድምፅ ይስጡ ብሎ ነበር፤ የጀርመን ፓርላማም ተወያይቶበት ሳያጸድቀው ቀረ። በተግባር ክፍተቱን የሚሞላው ስደተኛው ነው። አረጋውያኑን የሚንከባከበው፣ መዋጮውን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ዜግነት እስኪያገኝ ግን በአብዛኛው አገር ለፓርላማ አይመርጥም።