የኤሌክትሪክ አቅርቦትና ፍላጎት ምንድን ነው? መሶብ የሌለበት ቤት

ሦስተኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደብተሯን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ስንት ኤሌክትሪክ ተቀምጧል?» አለችኝ። የቤት ሥራዋ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ተንታኝ በሬዲዮ «አቅርቦታችን ከፍላጎታችን በልጧል፤ ትርፉ ግድቡ ውስጥ ተጠራቅሟል» ሲል ሰምቼ ነበር። ልጅቷ ምን ታድርግ? ያሳሳትናት እኛ ትልልቆቹ ነን። የኤሌክትሪክ መስመር ስቆጣጠር ነው የኖርኩት። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ግድቡ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ኤሌክትሪክ የለም። አንዲት አምፖል የምታበራ ያህል እንኳ የለችም።

መሶብ የሌለበት ቤት አስቢ አልኳት። እንጀራው ከምጣዱ እንደወጣ በሰፌድ ይሄዳል፣ ወዲያው ይበላል። ማስቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ዱቄቱ ጓዳ ውስጥ ወራት መቆየት ይችላል፤ እንጀራው ግን አንዲት ደቂቃም አይቆይም። ዱቄቱ የግድቡ ውኃ ነው። ምጣዱ ውኃው የሚያዞረው ተርባይንና ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ጄኔሬተር ነው። አቅርቦት ማለት በዚህች ሰከንድ ከምጣዱ የሚወጣው ነው። ፍላጎት ማለት ደግሞ በዚህችው ሰከንድ የሚበላው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ስለዚህ «ትርፉ ተጠራቀመ» የሚባል ነገር የለም። ያልተጋገረ ዱቄት ነው የተረፈው።

«ባትሪስ?» አለችኝ። ጎበዝ። ባትሪ አለ፤ ለአገር ግን ገና ትንሽ መሶብ ነው። ውኃውን በፓምፕ መልሰው ወደ ላይ የሚያወጡ አገሮችም አሉ። ያ እንጀራውን መልሶ ዱቄት እንደማድረግ ነው፤ በመሀል የሚባክን አለው።

እንግዳ በድንገት ቢመጣስ? አዲስ ምጣድ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። ብልህ እናት አንዱን ምጣድ አግላ ትጠብቃለች። እኛም ከሙሉ አቅማቸው በታች የሚዞሩ ማሽኖች ሁልጊዜ በተጠባባቂነት እናቆያለን። ያም ካልበቃ እናትየው ሊጡን እያሳሳች ትጋግራለች። እንጀራው ለሁሉም እኩል ይሳሳል።

ይህ መሳሳት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በቁጥር ይታያል። ቁጥሩ 50 ነው። በእኛ አገር መስመር ላይ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። (ተርባይኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል ማለት አይደለም። የውኃ ጄኔሬተር ብዙ የማግኔት ዋልታ ስላለው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ይህን ለልጆች መንገር ግድ አይደለም፤ መምህራን ግን ይወቁት።) ፍላጎት ሲበልጥ ቁጥሩ 49.9፣ 49.8 እያለ ይወርዳል። አቅርቦት ሲበልጥ ከ50 በላይ ይወጣል። በበዓል ዋዜማ ዓይኔ ከዚያ ቁጥር ላይ አይነሳም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ማለት ነው። ያ ሁሉ ቤት በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲያግል ቁጥሩ ያዘነብላል። በጣም ከወረደ መሣሪያዎቹ ራሳቸው የአንዳንድ ሰፈር መስመር ይቆርጣሉ። ጥቂት እንግዶች ተነስተው ካልወጡ ማድ ቤቱ በሙሉ ይቆማል፤ አገር ይጨልማል።

ያ የሬዲዮ ተንታኝ ደግሞ የግድቡን 5,150 ሜጋዋት እንደ እንጀራ ቆጠረው። የምጣድ ቁጥር ነው እንጂ የእንጀራ ቁጥር አይደለም! 13ቱም ተርባይኖች ባንዴ በሙሉ አቅም ሲሠሩ የሚደርሱበት ልክ ነው። በ24 ሰዓት፣ በ365 ቀን አባዝቶ ከ45,000 ጊጋዋት ሰዓት (ይህ የእንጀራው መለኪያ ነው) በላይ አወጣ። ከግድቡ በዓመት ይገኛል ተብሎ የታቀደው ግን ወደ 15,700 ነው። ዓባይ የሚያመጣው ዱቄት ያንን ሁሉ ምጣድ ዓመቱን ሙሉ አያሠራም። ጉድለት አይደለም። ምጣዶቹ የበዙት እንግዳ ለሚበዛበት ሰዓት ነው።

«ታዲያ ግድቡ ሞልቶ የእኛ ቤት መብራት ለምን ይጠፋል?»

ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ኤሌክትሪኩ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይመጣል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወረደ በሰፈራችሁ ትራንስፎርመር በኩል ቤታችሁ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ መብራት የሚጠፋው ዱቄት አልቆ ሳይሆን ሰፌዱን የሚያመላልሰው ልጅ መንገድ ላይ ወድቆ ነው። ያረጀ ሽቦ፣ የወደቀ ዛፍ፣ ጭነት የበዛበት ትራንስፎርመር። ዱቄት ያጠረበት ጊዜም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖብን ነበር። ሁለቱ ችግሮች መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። አዲስ ግድብ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አይጠግንም። በሬዲዮ አንድ ላይ ሲደባለቁ የምናደደውም ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ እርሳሷን አነሳችና «እና ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ኤሌክትሪክ፦ ምንም። ውኃ፦ ግድቡ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ» አስጻፍኳት።

«ቲቸር ኤክስ ቢያደርገኝስ?»

«ደብተሩን ይዘሽልኝ ነይ። እኔ ራሴ መጥቼ አስረዳለሁ።»