ቭላዲሚር፦ የገዢ ስም

ግዛቸው የሚባል ሰው የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የስላቮቹ፣ ማለትም የእነ ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያንና ፖላንዶች፣ ቭላዲሚርም የእሱ ዘመድ ነው፤ ስሙ የሚጀምረው «መግዛት» በሚል ቃል ነው። የሩቅ ምሥራቋ የሩሲያ ወደብ ቭላዲቮስቶክም ይህንኑ ቃል ይዛለች። ትርጉሟ «ምሥራቅን ግዛ» ነው።

የስሙ ሁለተኛ ክፍል ነው የሚያሳስተው። «ሚር» በሩሲያኛ ዓለምም ሰላምም ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ቭላዲሚርን «የዓለም ገዢ» ብሎ ይፈታዋል። ለጆሮ ደስ ይላል። የጥንቱ አጠራር ግን ወደ «ቭላዲሜር» የቀረበ ነበር። «ሜር» ደግሞ ታላቅ፣ ዝነኛ ማለት ነው። ስለዚህ «በገዢነቱ የገነነ» ቢባል ይሻላል። ዓለሙና ሰላሙ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ስሙን ያገነነው የኪየቩ መስፍን ቭላዲሚር ነው። መጀመሪያ ለፔሩን፣ ለነጎድጓዱ አምላክ፣ ጣዖት ያቆመ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ988 አካባቢ ክርስትና ተነሣ፤ ጣዖቱንም አስጥሎ ሕዝቡን ወንዝ አውርዶ አስጠመቀ። የክርስትና ስሙ ባስልዮስ ሆነ። ግን እኛም ጋ እንደሚሆነው፣ ሰው የጠራው በዓለም ስሙ ነው። ቅድስናው ሲታወጅም ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ የአረማዊ ዘመን ስም ተቀበለችው። በጣም የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ በዚያ ዘመን ስንቱ የስላቭ ስም በግሪክ ስሞች ተተክቷል! በዓሉ በሩሲያ ጁላይ 28 ይከበራል።

ስሙ ከአገር አገር ይለዋወጣል። ዩክሬናውያን ቮሎዲሚር፣ ቤላሩሶች ኡላድዚሚር፣ ፖላንዶች ቭዎጂሚየዥ ይሉታል። ዘለንስኪ ቮሎዲሚር፣ ፑቲን ቭላዲሚር ቢባሉም ስማቸው አንድ ነው።

ሩሲያ ውስጥ ቭላዲሚር የተባለን ሰው በሙሉ ስሙ ብቻ መጥራት ደረቅ ያለ ነገር ነው። እናቱና ጓደኞቹ ቮቫ ወይም ቮሎድያ ይሉታል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ለአክብሮት የአባቱ ስም ይከተላል፦ አባቱም ቭላዲሚር ከሆነ «ቭላዲሚር ቭላዲሚሮቪች» ነው።

በሶቪየት ዘመን ስሙን ያነገሠው ቭላዲሚር ሌኒን ነው። ከስሙና ከቅጽል ስሙ ተቆርጦ «ቭላድሌን» የሚባል አዲስ የልጅ ስም ሁሉ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ የነበረው የሌኒን ሐውልት ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ወረደ።